ዝቋላን ወደ ቦታው መመለስ



እኛ ስድስታችን ባለፈው ዓመት ለቀለምና ለሸራ ከቁጠባችን 9,000 ብር መበደራችንን ታስታውሳላችሁ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አንድም ሥዕል አልሸጥንም። የማኅበሩን ሂሳብ የሚይዝ ከመካከላችን ስላለ ዕዳው እንቅልፍ ነሳን። አንድ ባለሱቅ ሥዕላችንን አየና «ተራራው ዛፉ ላይ ተለጥፏል» ብሎ መለሰልን። ተቀየምን፤ ነገር ግን እውነቱን ነበር።

ስህተታችንን ያገኘነው እንጦጦ ወጥተን ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ጠዋት፣ ቁልቁል አየን። አጠገባችን ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ሳይቀር ይለያል፤ ጥላው ጠቁሯል። ከተማው ደብዘዝ ብሏል። ከሁሉ ማዶ ዝቋላ፣ ደን ያለበት ተራራ መሆኑን እያወቅን፣ ሰማያዊ መስሎ ከሰማዩ ጋር ሊቀላቀል ምንም አልቀረው። እኛ ግን የቀባነው የምናውቀውን አረንጓዴ እንጂ ያየነውን አልነበረም።

ምክንያቱ አየሩ ነው። አየር የፀሐይን ብርሃን ሲበትን ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን አብልጦ ይበትናል። ተራራው በራቀ ቁጥር በመካከላችን ያለው አየር ይበዛል፤ የተበተነው ብርሃንም እንደ ነጠላ ይጋርደዋል።

ስለዚህ ከሩቅ ወደ ቅርብ መሳል ጀመርን። መጀመሪያ ሰማዩ፤ ወደ ታች ሲወርድ ነጣ ይላል። ቀጥሎ ሩቁ ተራራ፤ የሰማዩን ቀለም ጥቂት አጥቁረን፣ ጠርዙን ሳናደምቅ። መሐል ላይ አረንጓዴውን በነጭና በሰማያዊ እናለዝባለን። ጥቁር ጥላን፣ ደማቅ ቢጫና ቀይን፣ የቅጠሉን ዝርዝር ለቅርቡ እናስቀራለን። ስንጠራጠር ዓይናችንን ጠበብ አድርገን እናያለን፤ ያኔ ጎልቶ የሚታየው ቅርቡ መሆን አለበት።

የከበደን መተው ነበር። የሂሳብ ሰው ሳንቲም አይዘልም፤ እኛም የዝቋላን ዛፍ ሁሉ ልንቆጥር ፈለግን። ሩቁ ግን ዝርዝር ሲበዛበት ቅርብ ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ 11 ሥዕሎች ሸጠናል። ከእያንዳንዱ 500 ብር ለዕዳው አውለን 5,500 ብር መልሰናል፤ 3,500 ብር ይቀረናል። ዛሬ ቡድኑ ይዘጋ የሚል ሐሳብ መቅረቡን እናውቃለን። እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጡን፤ ቀሪውን ከፍለን እንጨርሳለን። እስከዚያው መማር የምትፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ትምጣ፤ ለጀማሪ የሚሆን ቀለም አስቀምጠናል።