የአንድ አባት ትእዛዝ



ማንበብ የጀመረ ሰው የሩቅ አገር ሰውን ኑሮ ቤቱ ተቀምጦ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የጃፓን መጽሐፍ እንጫወታለን። መጽሐፉ «ሃካይ» ይባላል። «የፈረሰ ትእዛዝ» ማለት ነው። ደራሲው ሺማዛኪ ቶሶን ነው። መጽሐፉ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ነው። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ የሚያሳየው በደል ግን በእውነት የነበረ ነው።

በጃፓን አገር ቆዳ የሚያለፉ፣ ከብት የሚያርዱ ሰዎች ለብዙ ዘመን እንደ እርኩስ ይቆጠሩ ነበር። ሌላው ሕዝብ ከእነሱ ጋር አይጋባም። መንደራቸውም ለብቻ ነበር። በ1871 መንግሥት አዋጅ አወጣ። የመናቂያ ስማቸው በአዋጅ ተሻረ። ንቀቱ ግን በሰው ልብ ውስጥ ቀረ።

የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ኡሺማትሱ ይባላል። ዕድሜው 24 ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተምሮ፣ ኢያማ በምትባል ትንሽ ከተማ ልጆች ያስተምራል። እንደ እኔው የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው ማለት ነው። ትውልዱ ከተናቁት ሰዎች ነው። ይህን ግን በከተማው ውስጥ የሚያውቅ የለም።

አባቱ ቀድሞ የተናቁት ሰዎች መንደር አለቃ ነበሩ። ለልጃቸው ሲሉ አገራቸውን ለቀው ማንም ወደማያውቃቸው ቦታ ሄዱ። ልጁን ትምህርት ቤት አስገቡ። እሳቸው ግን ተራራ ላይ ብቻቸውን ከብት ይጠብቁ ጀመር። ጎረቤት ቀረባቸው፤ ጨዋታ ቀረባቸው። ከሰው ዓይን ከራቅሁ ልጄን ማን ነህ የሚለው አይኖርም ብለው ነው። ለልጃቸውም አንድ ትእዛዝ ሰጡት። ምንም ቢመጣ፣ ማንንም ብታምን፣ ትውልድህን አትናገር አሉት።

እኚህ አባት ክፉ ናቸው? አይደሉም። ዶሮ ሸጣችሁ፣ ከአፋችሁ ቀንሳችሁ ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች ታውቋቸዋላችሁ። የነበራቸውን ሁሉ ለልጃቸው ሰጡ። በመጨረሻም አንድ ኮርማ ወግቶ ገደላቸው። ሊሞቱ ሲሉ እዚያው ተራራው ላይ ቅበሩኝ አሉ። ልጄም ትእዛዙን አይርሳ ብለው ላኩበት። ሞተውም እንኳ ከሰው ተደበቁ።

ልጁስ እንዴት ኖረ? ሥራ አገኘ፤ ደመወዝ አገኘ። ልቡ ግን አላረፈም። አንድ ባለጸጋ ሰው እሱ ባረፈበት ማደሪያ ቤት አርፎ ነበር። ትውልዱ ሲታወቅ አዋርደው አባረሩት። ኡሺማትሱ ይህን አየ። ነገ የእኔ ተራ ነው ብሎ ፈራ።

ሬንታሮ የሚባሉ ደራሲም ነበሩ። ከተናቁት ወገን መሆናቸውን አልደበቁም፤ በግልጽ ጽፈውታል። ኡሺማትሱ እንደ ሁለተኛ አባት ይወዳቸው ነበር። መጽሐፋቸው እጁ ላይ ቢገኝ ግን ሰው እንዳይጠረጥረው ፈራ። ስለዚህ መጻሕፍቱን ወስዶ ሸጠ። ከመሸጡ በፊት ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? የስሙን ማኅተም ከመጻሕፍቱ ላይ አጠፋ!

እናንተ ስማችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃችሁ የጻፋችሁ ቀን ምን ተሰማችሁ? ይህ ሰው መምህር ነው፤ ከእናንተም ከእኔም የበለጠ አንብቧል። ግን ስሙን መፋቅ ግድ ሆነበት። የዝምታ ዋጋው ይህ ነው።

በኋላ ሬንታሮ በጠላቶቻቸው እጅ ተገደሉ። ኡሺማትሱ ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻለም። ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ማን እንደሆነ ነገራቸው። ተንበርክኮም ይቅርታ ጠየቃቸው። ብዙ አንባብያን እዚህ ላይ ተቆጥተዋል። በምን ጥፋቱ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከተናቁ ሰዎች መወለድ ጥፋት አይደለም። በ1922 እነዚሁ ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው፣ ከሌላው ሰው እኩል ነን ብለው በአደባባይ ተነሡ።

ነገሩ የጃፓን ብቻ አይደለም። በእኛም አገር ማረሻውን የሚሠራው «ቀጥቃጭ»፣ ጠፍሩን የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ተሰድቧል። በምጣዷ እንጀራ እየተጋገረ፣ በጀበናዋ ቡና እየተፈላ፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተብላለች። ጋቢውን ለብሰን ሸማኔውን ንቀናል። በስንቱ ቤት ልጅ ሲያድግ «ከእነ እንትና ልጅ ጋር አትጫወት፤ ከዚያ ቤት አታግባ» ተብሏል!

ልብ በሉ፣ ይህም የአባትና የእናት ትእዛዝ ነው። የኡሺማትሱ አባት «ተደበቅ» ያሉት፣ በሌላው ቤት «አትቅረባቸው» የሚል ትእዛዝ ስለነበረ ነው። ሁለተኛው ባይኖር የመጀመሪያው ባላስፈለገ ነበር። ታዲያ ቀድሞ መፍረስ ያለበት የትኛው ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እዚህ ላይ ግን በሽተኛው የተናቀው ሰው አይደለም። በሽተኛው ናቂው ነው። መድኃኒቱም የሚጀምረው ዛሬ ማታ ለልጆቻችን ከምንናገረው ቃል ነው።

ይህን ጥያቄ በየመማሪያ ቦታችሁ ተወያዩበት። መልሳችሁንም በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከሥሩም ስማችሁን ከነአባት ስማችሁ አድርጉበት። ደኅና ሰንብቱ።