የሰማያችን መርማሪ ብርሃን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በበጋ ማለዳ ከጎሐ ኮረብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ ጎንደር ለተመለከተ ሰው፥ የፋሲል ግንብ በስስ መጋረጃ የተሸፈነ መስሎ ይታየዋል። ብዙዎቻችን «የጧት ጉም ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሽታው ግን የእንጨትና የኩበት ጭስ እንዳለበት ይነግረናል።

በደጋው አገራችን የበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። በመሬት አጠገብ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ከበላዩ ያለው ሞቅ ብሎ ይቆያል፤ እንደ ድስት ክዳንም ሆኖ የየቤቱን ጭስና የመንገዱን አቧራ ከታች አፍኖ ይይዘዋል። ፀሐይ ከፍ ስትል ክዳኑ ይነሣል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ንፋስ በቆላው የሚቃጠለውን የሣር ጭስና የበረሃውን ትቢያ ከሩቅ ያመጣል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በምን ያህል ከፍታ እንደ ተኛ በምን ይታወቃል? ሊዳር በሚባለው መሣሪያ ነው። ይህ ጥበብ የተስፋፋው አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠራ ወዲህ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የጮኸ እረኛ፥ የገደል ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቢቆጥር ርቀቱን ለማወቅ ይችላል። ሊዳርም በድምፅ ፈንታ የብርሃን ብልጭታ ልኮ ከብናኞቹ የሚመለሰውን ይቀበላል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ብልጭታው በ20 ማይክሮ ሰከንድ ቢመለስ (ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው) 6 ኪሎ ሜትር ተጉዟል፤ ይህ የደርሶ መልስ መንገድ ስለ ሆነ ብናኙ ያለው 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የተመለሰው ብርሃን ጠባይም ወጣ ገባውን የበረሃ ትቢያ ከጭስ ለመለየት ይረዳል።

ካሊፕሶ የተባለችው ሳተላይት ከ2006 እስከ 2023 በሊዳር የዓለምን አየር ስትመረምር ኖራለች፤ በ2024 ደግሞ የአውሮፓና የጃፓን ኧርዝኬር ወደ ሰማይ ወጥታለች። ሆኖም ሊዳር ብቻውን የብናኙን ክብደት አይነግረንም፤ በምድር ላይ አየሩን እየሳበ የሚመዝን መሣሪያም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፥ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጡት ደቃቅ ብናኞች በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጡ መክሯል። እነዚህ ብናኞች ከጠጉር ውፍረት እጅግ ስለሚያንሱ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይዘልቃሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ከሁሉ የከፋው ጭስ ያለው በሰማይ ሳይሆን በማዕድ ቤታችን ነው። ይኸው ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ሕፃን አዝላ እንጀራ የምትጋግር እናት ጭሱን የምትስበው ብቻዋን አይደለም፤ ያዘለችውም አብሮ ይስባል። ለእርስዋ ሳተላይት አይደርስላትም፤ የሚደርስላት ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ፥ የደረቀ እንጨትና የተከፈተ መስኮት ነው።

በ1954 በከተማችን የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፥ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፥ ከማዳን መከላከል እንደሚቀድም አስተምሮናል። እኛም ተማሪዎች ከዛሬ ጀምሮ በየማለዳው ግንቡ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚታይ በደብተር እንመዝግብ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፥ የአየራችንን በሽታ ገልጠን እንወቅ።