ረቡዕና ዓርብ ሲናፍቁ

ሀ፦ ሐኪሙ «ወተት የነካው ነገር እንዳትቀምሺ» ካለኝ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ እንዴት እንደሚናፍቁኝ አልነግርህም!

ለ፦ ጾም? አንቺን?

ሀ፦ ምን ላድርግ! በፍስክ ቀን ሽሮ ሳዝ ቅቤው ላዩ ላይ እየቀለጠ ከች ይላል። «በዘይት» ብዬ ካላስጠነቀቅኩ አለቀልኝ። በጾም ቀን ግን በያይነቱን ያለ ሐሳብ ነው የምበላው።

ለ፦ ቆይ፣ የላክቶስ ጉዳይ ከሆነ እኮ የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ያለው ኢምንት ነው። እርጎም ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከፊሉን ስለሚበሉት ለብዙ ሰው ከወተት ይሻላል።

ሀ፦ የእኔ አለርጂ ነው፤ ጠላቴ የወተቱ ፕሮቲን ነው። ላክቶስ የማይስማማውን ሰው ሆዱን ይነፋዋል፣ ያስቀምጠዋል። አለርጂ ግን ትንፋሽ እስከማሳጠር ይደርሳል። ሰው ሁለቱን ሲያምታታ ያናድደኛል።

ለ፦ ማኪያቶስ?

ሀ፦ እሱ ነው ያስለቀሰኝ! የአኩሪ አተር ወተት ከትኩስ ቡና ጋር ሲገናኝ ይቆራረጣል፤ የቡናው አሲድና ሙቀቱ ናቸው። ወተቱን ቀድሞ አሙቆ ቡናውን ቀስ እያሉ መጨመር ይረዳል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ወደ ለውዝ ሻይ ዞሬያለሁ።

ለ፦ ለአጥንትሽስ? ካልሲየሙ?

ሀ፦ ጤፍ አለ፣ ጎመን አለ፣ ሰሊጥ አለ። ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተትም አለ፤ ማሸጊያውን ማንበብ ነው። «ኬዚን» ወይም «ዌይ» የሚል ካየህ ደግሞ ወተት ነው፣ ብስኩትም ቢሆን።

ለ፦ ትናንት ያመጣሁልሽ ብስኩትስ?

ሀ፦ ዌይ ይላል። ለመሥሪያ ቤታችን ቴክኒሻን ሰጥቼዋለሁ፣ አመስግኖሃል።