ስለ በረሃ ጽጌረዳ አተካከልና አያያዝ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዕድራችን ጸሐፊ «ስለ አበባ ትንሽ ተናገር» ቢሉኝ፣ ብዙዎቻችሁ በየደጃፋችሁ ስላቆማችሁት ስለ በረሃ ጽጌረዳ መናገርን መረጥሁ። ተክሉ በየግቢው በከንቱ እየሞተ ነው፤ ይባስ ብሎም መርዝ መሆኑን ሳያውቅ ያሳደገው ቤተሰብ አለ።

ጽጌረዳ እንበለው እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በሳይንስ ስሙ አዴኒየም ይባላል፤ ስሙም ከዓደን አገር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የእኛም ቆላ ተክል ነው። ከዚህ ወደ ኮንሶና ወደ ኦሞ በሚወስደው ደረቅ አገር፣ በድንጋይ መካከል ይበቅላል። ግንዱ ከሥሩ እንደ እንስራ ያበጠ ሲሆን ውኃ የሚያጠራቅመው በዚያ ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በባዶው ቅርንጫፍ ላይ ሮዝ አበባ ያወጣል። ታዲያ መንገደኛው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቆፍሮ ያመጣዋል። ሥሩ ተበጣጥሶ የመጣው ተክል ወዲያው ሲተከልና ውኃ ሲጠጣ ከውስጥ ይበሰብሳል። ያን ያህል ለመወፈር ብዙ ዓመት የፈጀ ተክል በአንድ ክረምት ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ከዱር መቆፈሩ ይቅርብን።

የሚሻለው ዘሩ ነው። ፍሬው እንደ በሬ ቀንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ሲደርስ ተሰንጥቆ ዘሩን ነፋስ ስለሚወስደው አስቀድሞ በክር ማሰር ይገባል። ብቻውን የቆመ ተክል ብዙውን ጊዜ ፍሬ አይዝም፤ እሱም እንደኛ ጎረቤት ይፈልጋል። አዲስ ዘር በአሸዋ ላይ ተዘርቶ ስስ አፈር ቢለብስና እርጥበት ቢያገኝ በአንድ ሳምንት ገደማ ይበቅላል። ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ይቻላል፤ ነገር ግን ከቅርንጫፍ የተነሣው እንደ ዘሩ ያን የሚያምር ወፍራም ሥር አያወጣም።

ማሰሮም ሆነ ጣሳ፣ የተቆረጠ ጀሪካንም ቢሆን ይበቃል፤ ዋናው ታቹ መበሳቱ ነው። ከአፈሩ እኩሌታ በላይ ከኩልፎ ወንዝ የሚወጣው ሸካራ አሸዋ ይሁን፤ የከሰል ስባሪም ቢጨመር ጥሩ ነው። ግቢያችሁ ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ከሆነ ድንጋይ ደርድራችሁ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ውኃ የሚጠጣው አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ጊዜ ጣሳውን ከጣራ ሥር አስገቡት። እናቶች አይቆጡኝና፣ ከቡና በኋላ የተረፈውን ሁሉ በየቀኑ እሱ ላይ መድፋት ነው የሚገድለው! ግንዱን በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ መበስበስ ጀምሯል፤ ጤናማው እስኪገኝ ቆርጦ፣ ቁስሉን አድርቆ እንደገና መትከል ነው።

አሁን ወደ መርዙ ልምጣ። ይህ ተክል የቀስት መርዝ ከሚሠራበት ከምረንዝ ጋር ቤተዘመድ ነው፤ የእሱም ፈሳሽ በአፍሪካ አዳኞች ዘንድ ለዚሁ ሲውል ኖሯል። የልብን ምት ያውካል። ስትገርዙት ጓንት ወይም ፌስታል በእጃችሁ አድርጉ፤ ቢላዋውን ወደ ወጥ ቤት አትመልሱ፤ የገረዛችሁትን ለፍየል አትጣሉ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ልጅ ከቀመሰው ግን ወተት ስናጠጣ፣ ሌላም ስንሞክር ጊዜ አናጥፋ፤ ቅርንጫፉን ይዞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ልቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በግቢው እንደሚጫወት ታውቃላችሁ። ዕቃ የሚያወጡት ወጣቶቻችን ይህን ጣሳ ካዩ መጀመሪያ እሱን ያንሱ።

ጨንቻ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስጦታ አድርጋችሁ እንደምትወስዱት ሰምቻለሁ። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከዚያ ወደዚህ ወርዶ ብዙ ቤተሰብ ከሁለት እንደተከፈለ የታወቀ ነው፤ መጠያየቁም መልካም ነው። ነገር ግን አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ስትሆን ጨንቻ 2,700 ያህል ናት። ይህ ተክል ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጎዳል፤ የጨንቻን ጉምና ብርድ ውጭ አድሮ አይችለውም። የግድ ካላችሁ በትንሽ ጣሳ ይሁን፤ ቀን ፀሐይ ላይ፣ ማታ ቤት ውስጥ፣ ውኃውም በጣም ጥቂት።

ከእኔ ግቢ ፍሬ የያዙ ሁለት አሉ፤ በክር አስሬያቸዋለሁ። ሲደርሱ ዘሩን ለወርኃዊ ስብሰባ አመጣለሁና የሚፈልግ ሰው ትንሽ ወረቀት ይዞ ይምጣ።