ከማደያው እስከ ሃይላንዱ
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ነዳጅ ዋጋ እንድናገር የጠየቁኝ ከውጭ አገር የመጡ ጓደኞቻችን ባነሱት ጥያቄ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ማደያዎች ዋጋቸው ይለያያል፤ እኛ ጋ ግን ኖክም ሆነ ቶታል፣ የተባበሩትም ሆነ ኦላ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ዋጋቸው አንድ ነው። ለምን?

የእነሱ ነገር ቶሎ ያልቃል። እዚያ ባለማደያው ዋጋውን ራሱ ይተምናል። ከአውራ ጎዳናው ሲወጡ መጀመሪያ የሚገኘው ይጨምራል፤ ሱቅ ያለው ቤንዚኑን ቀንሶ ትርፉን ከቡናውና ከለስላሳው ይለቅማል፤ ድንበር ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ደግሞ ቀረጡ ራሱ ሌላ ነው። ሾፌሩ ሰሌዳውን አይቶ ይመርጣል።

የእኛው ሌላ ነው። ነዳጁን በሙሉ ከውጭ የሚያስገባው አንድ የመንግሥት ድርጅት ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ በቦቴ ይጓጓዛል። የግዢው፣ የወደቡ፣ የማጓጓዣው፣ የግብሩ፣ የኩባንያውና የባለማደያው ድርሻ ተደምሮ የአዲስ አበባ ዋጋ ይወጣል፤ ለሌሎች ከተሞች ደግሞ የማጓጓዣው ልዩነት ይታሰባል። ስለዚህ በሕግ ዋጋ የሚለያየው በማደያና በማደያ መካከል ሳይሆን በከተማና በከተማ መካከል ነው።

መንግሥት ለምን ዋጋውን እጁ ላይ ያዘ ለሚል፣ የ1966ቱን የካቲት ማስታወስ ይበቃል። ቤንዚን ሲጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፣ ጭማሪው ተቀነሰ፣ የተከተለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ነዳጅን የሚነካው እየፈራ ነው። ያም ሆኖ ዋጋው ወጥቷል። በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ከ101 ብር በላይ ገባ። በመካከሉ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ተብሎ ተለየ፣ ብሩም በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ።

እስካሁን ያልኩት የወረቀቱ ነው። አሁን ወደ መንዝ እንውጣ።

ከጣርማ በር በግራ ታጥፋችሁ በሞላሌ አልፋችሁ መሐል ሜዳ ስትደርሱ፣ ከዚያም ጓሳን አቋርጣችሁ ግሼ ራቤል ስትገቡ፣ የማደያው ዋጋ ከደብረ ብርሃኑ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። ግን ማደያው ላይ "ቤንዚን የለም" የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። አጠገቡ ደግሞ በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ተደርድሯል። የዚያ ዋጋ የማደያውን እጥፍ የደረሰበት ጊዜ አለ። መርሐቤቴም ያው ነው። ዓለም ከተማ የሚገባ ቦቴ ጀማን ወርዶ መውጣት አለበት፤ ያንን ሸለቆ የሚያውቅ ሾፌር በኪሎ ሜትር ተሰልቶ የሚከፈለው ሂሳብ አይመቸውም። ሜዳ ላይ የሚነዳ አንድ ኪሎ ሜትርና ገደል ላይ የሚነዳ አንድ ኪሎ ሜትር እኩል አይደሉማ!

ባለማደያውንም እንየው። ድርሻው ተቆርጦ የተሰጠ ነው፤ ለረጅም ዓመታት በሊትር በሳንቲም የሚቆጠር ነበር። ደብረ ብርሃን ቢያራግፍም መሐል ሜዳ ቢያራግፍም ትርፉ ያው ከሆነ፣ ምን ብሎ ዳገቱን ይወጣል? በዚያ ላይ ብርዱ አለ። (የፊዚክስ መምህራን እዚህ አላችሁ፣ ብሳሳት ታርሙኛላችሁ።) ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከሺህ ሊትሩ 0.8 ሊትር ያህል ይኮማተራል። 40 ሺህ ሊትር ጅቡቲ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት ተጭኖ፣ የሙቀቱ ማስተካከያ ሳይደረግበት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው መሐል ሜዳ በ10 ዲግሪ ቢራገፍ፣ ወደ 800 ሊትር ይጎድላል። ማንም አልሰረቀውም። ናፍጣው ጠጠር ብሎ ነው። ግን በሊትር ለተረከበና በሊትር ለሚሸጥ ሰው ጉድለት ጉድለት ነው።

ወሬውም ዋጋ አለው። ክለሳ ሊመጣ ነው የተባለ ቀን፣ ዛሬ ከመሸጥ ነገ መሸጥ ያዋጣልና ፓምፑ "ይበላሻል"። በ2015 ደግሞ ነዳጅ በስልክ እንዲከፈል ግዴታ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገዱም በጸጥታው ምክንያት አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ። ያኔ የሃይላንዱ ገበያ ብቸኛው ገበያ የሆነበት ሳምንት ብዙ ነው።

እኔ የምለው ይህንን ነው፦ የሃይላንዱ ዋጋ እንዲህ የሚሰቀለው የማደያው ዋጋ እንዳይነቃነቅ ስለታሰረ ነው። አንዱ ዋጋ ሲታሰር ሌላው ይሸሻል። ባለሥልጣኑ የሚያየው የታሰረውን ነው። የሚኒባስ ታሪፍ የሚወጣው በማደያው ዋጋ ተሰልቶ ነው፤ ሾፌሩ የቀዳው ግን ከሃይላንድ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው ከታሪፉ በላይ ይጠየቃል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይከፍላል። መኪና የሌለውም አልቀረለትም። ገብሷን በጀርባዋ አዝላ ወፍጮ ቤት የምትሄድ እናት የናፍጣውን ልዩነት በየቁናው ትከፍላለች፤ ደረሰኝ የላትም፣ ማንም አይጠይቃትም።

ሃይላንድ የሚሸጡትን ልጆች በቁጥጥር ብቻ እናጥፋ የሚል ሐሳብ ሲነሳ እሰማለሁ። ሕጉ ከልክሏል፣ አደጋውም እውነት ነው፤ ቤንዚን ከሻማና ከምድጃ ጋር በአንድ ክፍል ሲያድር ቤት ያቃጥላል። ግን ልጁን ብታስሩት ቦቴው ዳገቱን አይወጣም። አንዳንዶቹ እኮ ከዚሁ ግቢ በዲግሪ የወጡ ናቸው። ለእኔ የሚታየኝ መፍትሔ ለዳገትና ለሸለቆ መንገድ የሚከፈለውን የማጓጓዣ ሂሳብ ለብቻው ማሰብ ነው። ማደያው ላይ አምስት ብር ቢጨመር ይጮሃል ትሉኛላችሁ፤ ይጮሃል። ነዳጁ ሁልጊዜ የሚገኝ ከሆነ ግን ሕዝቡ አሁን ከሚከፍለው በብዙ ይቀንሳል።

ይህንን ለሚመለከተው ለማስረዳት ቁጥር ያስፈልጋል። የሃይላንዱን ዋጋ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዘመሮ፣ በወገሬ፣ በራቤል፣ በዓለም ከተማና በመራኛ የምታስተምሩ፣ ቢሮ የምትሠሩ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ በየገበያው ቀን አራት ነገር ጻፉ፦ የማደያው ዋጋ፣ ነዳጅ መኖር አለመኖሩ፣ የሃይላንዱ ዋጋ፣ የወፍጮው ዋጋ። የሻጩን ስም እንዳትጽፉ። መምህራን ደግሞ ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አድርጋችሁ ስጡልኝ፤ ዓመት ሙሉ ከተመዘገበ ጥሩ ሥራ ይወጣዋል።

ስም መመዝገቢያው ወረቀት ከሻይ በኋላ መውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ጠዋት ሳየው ከራቤልና ከመራኛ ማንም አልተመዘገበም ነበር።