ያልተፈታ ምሥጢር

የዛሬው ርእሳችን ያልተፈታ ምሥጢር ነው።

እንግዲህ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፣ አንዱ ጨዋታውን እየመራ፣ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የአንድ ጀግና ገጸ ባሕርይ ተላብሰው፣ ዕጣቸውንም በዳይስ እየጣሉ፣ ታሪክን በቃል የሚደርሱበት ጨዋታ አለ፤ ከነዚህም ስመ ጥሩው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1974 በአሜሪካ ታተመ። በ1994 «ፕሌንስኬፕ» በሚል ስም በወጣው የጨዋታው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ሲጊል የምትባል ከተማ አለች፤ ገዥዋም ፊቷ በስለት የተከበበ፣ ከአንደበቷ ቃል የማይወጣ «የሥቃይ እመቤት» ናት። ማን ናት? ከወዴት መጣች? ደራስያኑ ሆነ ብለው አልገለጡትም። ያልተፈታ ምሥጢር ማለት ይህ ነው።

ነገሩን በእንቆቅልሽ እንየው። ማታ በምድጃ ዳር ልጆች ሲጠያየቁ፣ መላሹ ፍችው ሲጠፋው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ እሱም ለምሳሌ የቡሬን ከተማ ይሰጣል፤ ፍችውም ወዲያው ይነገረዋል። በእመቤቲቱ እንቆቅልሽ ግን፣ አድማጮቼ፣ ጎጃም በሙሉ ቢሰጥም ፍች የለም። እኔስ ይህን የደራስያኑን ዝምታ እጅግ አደንቃለሁ፤ የተጫዋቹን ኅሊና ለምርምር ያነቃልና። ስለዚህም አንዱ አምላክ ናት ይላል፣ ሌላው እስረኛ ናት ይላል፤ የጨዋታው መሪም ቢሻ ለገዛ ጠረጴዛው ብቻ የሚሆን ፍች ያበጃል።