መጠየቅን እንለማመድ

ደብተርና እርሳስ ይዛችኋል? እንግዲያውስ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዛሬ የምንለማመደው መጠየቅን ነው።

ዋና ዋናዎቹ መጠየቂያ ቃላት እነዚህ ናቸው፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት፣ ለምን፣ እንዴት። አስተማሪው በሰሌዳው ላይ ይጻፍላችሁ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ የሆነ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሰው ስም የሚጠየቀው በ«ምን» ሳይሆን በ«ማን» ነው። «ስምህ ማን ነው?» ለሴት «ስምሽ»፣ ለታላቅ ሰው «ስምዎ»። ሽማግሌውን «ስምህ» ያለ ሰው መልስ ባያገኝ አይግረመው!

አሁን አምስት አምስት የበቆሎ ፍሬ ያዙ። ጠያቂው «ልጁ ታሟል ወይ?» ቢል መልሱ «አዎ» ብቻ ነው። ፍሬው ከእጁ አይወጣም። «ሕመሙ መቼ ጀመረው?» ካለ ግን ተጠያቂው ማሰብ አለበት። ስለዚህ አንድ ፍሬ ያስቀምጥ። እጁን ቀድሞ ባዶ ያደረገ አሸነፈ።

ቀጥለን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። አንዱ የጤና ባለሙያ፣ ሌላዋ ተቅማጥ የያዘው ልጅ እናት ትሁን። ባለሙያው ይጠይቃል፦ «መቼ ጀመረው? በቀን ስንት ጊዜ ያስቀምጠዋል? ደም አለው ወይ?» እንግዲህ የ«ወይ» ጥያቄም ቦታ አለው ማለት ነው።

ከዚያ ተራው የእናት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። አይሆንም፤ ጠይቂ! «ይህ ኦ አር ኤስ በስንት ውሃ ይበጠበጣል?» በአገራችን የተለመደው ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳል። «እስከ መቼ ይቆያል?» 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። «ምን ምልክት ካየሁ ልመለስ?» ይህን ሳትጠይቂ ከበሩ አትውጪ።

ሌላ መድኃኒት ከታዘዘ ደግሞ ጆሮ ስጡ። «በ8 ሰዓት» ማለት በቀን አንድ ጊዜ ነው። «በየ8 ሰዓቱ» ማለት በቀን 3 ጊዜ ነው። ያቺ «የ» ትንሽ ናት፤ ግን ልጁ የሚድነው በእሷ ሊሆን ይችላል። ካልገባችሁ «በቀን ስንት ጊዜ?» በሉ። ከዚያም የሰማችሁትን ለባለሙያው መልሳችሁ ንገሩት፤ ተሳስታችሁ ከሆነ ያርማችኋል።

በሉ፣ አሁን ቦታ ተለዋወጡ። ወንዶችም እናት ሁኑ፤ ሳቁን ቻሉት። ሲያልቅ የእናትየዋን ሦስት ጥያቄዎች በደብተራችሁ ጻፉ። መጨረሻቸው ላይ «?» አይረሳ።